ግቢ ውስጥ ጋራዥ፦ ከወለሉ እስከ ክሪኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የራሳቸውን መኪና ግቢያቸው ውስጥ ለመጠገን ቦታ የሚያዘጋጁ አንባቢዎች ለላኳቸው ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ መኪና የማቆምበት ሊሾ ሁለት ክረምት ሳያልፈው ተሰነጣጠቀ። አፍርሼ እንደገና ልሠራው ነው። ወደፊት ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት (መኪና ማንሻ) ልተክልበትም አስቤያለሁ። ውፍረቱ ስንት ይሁን? (አንባቢ፣ ከአቃቂ)

መልስ፦ ችግሩ ከሊሾው ሳይሆን ከሥሩ ካለው አፈር የመጣ ይመስላል። አቃቂ፣ ቃሊቲና ቦሌ በብዛት ያለው መረሬ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሊሾውን ወደ ላይ ገፍቶ ሲያበቃ በበጋ ይሸሽና ከሥሩ ባዶ ይተወዋል። መኪና ሲቆምበት የሚሰበረው ያኔ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ሊሾ ማወፈር ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው።

መረሬውን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ያውጡ። 40ውን ሴንቲ ሜትር በሰሌክት (በማያብጥ የሙሌት አፈር) ይሙሉት፤ ግን በሁለት ዙር፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፉና በማሽን እየጠቀጠቁ ይሁን። ሠራተኛ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ይወዳል፤ ከሥር ያለው ልል ሆኖ ይቀርና ከዓመት በኋላ ይሰጥማል። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ያስነጥፉ፤ ፕላስቲክ ዘርግተው ኮንክሪቱን ያስሞሉ። የጣሪያዎ አሸንዳ ውሃውን ወለሉ ጥግ ላይ የሚያፈስ ከሆነም በቱቦ ራቅ አድርገው ይውሰዱት፤ አለበለዚያ ዳር ዳሩ ያለው መረሬ ማበጡን አይተውም።

ውፍረቱን በተመለከተ መኪና ለማቆምና በክሪክ ለማንሳት 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለሊፍት ግን 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ምሰሶዎቹ በሚቆሙበት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ላይ ደግሞ 25 ያድርጉት። የሊፍት ማሰሪያ ብሎን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ኮንክሪቱ ስለሚገባ ቀጭን ወለል ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ወዲያና ወዲህ ይሰር፤ መሬት ላይ እንዳይተኛም ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለት።

4 ሜትር በ6.5 ሜትር ለሆነ ወለል በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ወደ 4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል። ይህ 27 ወይም 28 ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ማለት ነው፤ ለምሰሶዎቹ ቦታ ሁለት ተጨማሪ ይያዙ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር፣ ከ25 ሊትር ያልበለጠ ውሃ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውሃውን ይቀንሱ። ለመግፋት እንዲቀል ተብሎ ውሃ ሲጨመር እዚያው ቆመው ይከልክሉ፤ ወለሉ በኋላ በመጥረጊያ በተነካ ቁጥር አቧራ የሚሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። የሊፍቱን ብሎን ከ28 ቀን በፊት አያስመቱ። ተዳፋቱም በሜትር ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ ጎማው ክሪክ ራሱ ይንሸራተታል።

ስለ ጣሪያው አልጠየቁም፤ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ሊፍቱ 1.8 ሜትር ሲያነሳ ኮሮላ ወደ 1.5 ሜትር ቁመት አለው። ከወለል እስከ ቆርቆሮው ማገር ቢያንስ 3.6 ሜትር ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ሊፍት አቅሜ አይፈቅድም። ጉድጓድ ቆፍሬ ከሥር ልሥራ ወይስ ክሪክ ይበቃኛል? (አንባቢ፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ ለራስዎ መኪና ከሆነ ጉድጓዱን ይተዉት። በሐይቁ ዙሪያ ውሃው ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ ጉድጓድዎ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ደረቅ መሬት ላይም ቢሆን ትልቁ አደጋ አይታይም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ፊልትሮ ሲፈታ የፈሰሰች ትንሽ ቤንዚንና አንድ የተሰበረ አምፖል እሳት ለማስነሳት ይበቃሉ። ሞተር ተነስቶ ከሆነ የጭስ ማውጫው ጋዝም እዚያው ይከማቻል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ሳያውቀው ያደክመዋል፣ ይገድለዋልም።

ገንዘቡን ለጥሩ ክሪክና ለአራት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ያውሉት። ክሪክ የማንሻ ዕቃ ነው፤ መኪናውን ተሸክሞ መቆም ያለበት ካቫሌቶው ነው። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ለአንድ ደቂቃም አይግቡ። አንዲት ጎሚኒ (የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ስትቀደድ ዘይቱ በቅጽበት ይወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በእንጨት ያስይዙ። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ኋላውን ሲያነሱ መኪናውን የሚያቆመው እንጨቱ ብቻ ነው። የጎማ ዳዶዎቹን ሳያነሱ በፊት ግማሽ ዙር ያላሉ። ቪትዝና ኮሮላ ከበሩ ሥር ባለው የታጠፈ ላሜራ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁርጦች አሏቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ የተጠናከረ ነው። ከዚያ ውጭ ክሪክ ከገባ ላሜራው ይታጠፋል፣ ቀለሙ ተላጦም ዝገት ይጀምራል። ካቫሌቶውን አስገብተው መኪናውን በቀስታ ያሳርፉበትና በሁለት እጅ ገፋ ገፋ ያድርጉት። መንቀጥቀጥ ካለ ቦታውን ያስተካክሉ። የወለቀውን ጎማ በጎኑ አስተኝተው ከመኪናው ሥር ያኑሩት፤ ምናልባት ሁሉም ነገር ቢከዳ ቸርኬው ክፍተት ይተውልዎታል።

ካቫሌቶ ሲገዙ የተጻፈውን ክብደት በደንብ ያንብቡ። አንዳንዱ ላይ ያለው «3 ቶን» ለጥንዱ እንጂ ለአንዱ አይደለም። በካቫሌቶ ፋንታ ብሎኬት የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህን አጥብቀን እንከለክላለን። ብሎኬት ለግድግዳ ሲደረደር የሚችለውን ጭነት በጠባብ ብረት ሲጫኑት አይችልም፤ ደግሞ እንደ እንጨት ቀስ ብሎ እየተንቋቋ አያስጠነቅቅም፣ በአንዴ ይፈርሳል።

ጎማውን ሲመልሱ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጨርሱ። ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ላይ ቆሞ መርገጥ ብሎኑን ይለጥጠዋል፣ የፍሬን ዲስኩንም ያጣምማል።

ጥያቄ፦ 2 የፈረስ ጉልበት፣ 50 ሊትር ኮምፕሬሰር ገዛሁ። ጠዋት ይሠራል። ማታ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ብሬከሩም ይወድቃል። በ3 ደቂቃ ይሞላል የተባለውም 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ? የምጠቀመው 20 ሜትር በሚሆን ማራዘሚያ ገመድ ነው። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በ4 ደቂቃ መሙላቱ ብልሽት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያን ያህል ስለሚሳሳ ታንኩን እስከ 8 ባር ለመሙላት አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል። ቀለም ለመርጨት ወይም በአየር የሚሠራ የብሎን መፍቻ ለመጠቀም ካሰቡ ካታሎጉ ከሚለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይግዙ። ጎማ ለመንፋትና ለማጽዳት ያለዎት በቂ ነው።

የማታው ችግር ከገመዱ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 8 ወይም 9 አምፔር ይበቃዋል፤ ሲነሳ ግን ለአፍታ 40ና ከዚያ በላይ ይስባል። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በ20 ሜትር ርቀት ላይ በዚያች ቅጽበት 19 ቮልት ገደማ ይበላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ 190 ከደረሰ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 170 ነው። የመነሻ ጉልበቱ ከቮልቴጁ የበለጠ ስለሚወርድ 60 በመቶ ብቻ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ያጉረመርማል። በዚህ ሁኔታ ደጋግመው ከሞከሩት መጀመሪያ ካፓሲተሩ፣ ቀጥሎ የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። ከማከፋፈያው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ያስጎትቱለት፤ «ሲ» ዓይነት ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው። «ቢ» ዓይነቱ በሞተር መነሻ ኮረንቲ ሊወድቅ ስለሚችል አይስማማም። በዚሁ ሥራ ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የኮረንቲ መከላከያ ያስገቡ፤ የመሬት ገመዱንም ያስፈትሹ። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ግራይንደር ለሚይዝ ሰው ይህ ከየትኛውም ቁልፍ ይቀድማል።

መስመሩን ከመቀየርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩ። ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ሲቆም «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ? ይህ በፓምፑ ራስ ውስጥ የቀረው ግፊት እየወጣ ነው፤ ካልወጣ ሞተሩ ያንን ግፊት እየታገለ መነሳት አለበት። ከሶኬት በመንቀል የሚያጠፉት ከሆነ ግፊቱ እዚያው ይቀራል። ሁልጊዜ በራሱ ማጥፊያ ያጥፉት፤ መብራት በድንገት ከሄደም ማጥፊያውን ዝቅ አድርገው ይተዉት። ከታንኩ ሥር ያለውን ቧንቧም በየሥራው መጨረሻ ከፍተው ውሃውን ያፍስሱ፤ ታንክ የሚዝገው ከውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አሜሪካ ነው። ኮምፕሬሰርና ሌሎች የጋራዥ ዕቃዎች ሊልክልኝ ነው። በትራንስፎርመር ይሠራሉ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ኮምፕሬሰሩን እዚሁ ይግዙ። የእነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ስለዚህ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ፍጥነት አጥቶ ይሞቃል። መነሻውን የሚችል ትራንስፎርመር ራሱ ውድና ከባድ ነው። ካርቦን ያላቸው ድሪልና ግራይንደር በትራንስፎርመር ይሠራሉ። በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መባሉን ያንብብልዎ።

ወንድምዎ የእጅ መሣሪያ ቢልክ ትልቅ ውለታ ነው። በኢንች ሳይሆን በሚሊ ሜትር የሆኑ ቡሶላዎች (ብሎን ላይ የሚጠለቁ የመፍቻ ራሶች) ይሁኑ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ይምረጥ፣ የተበላ ብሎን ላይ ባለ አሥራ ሁለቱ ይንሸራተታል። ለቶዮታ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና ለጎማው 21 ካለዎት አብዛኛው ሥራ ይሠራል። የቶርክ ቁልፍና የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ ማንበቢያም ይጨምር። ቁልፉ በፓውንድ ጫማ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 103 ኒውተን ሜትር 76 ፓውንድ ጫማ ነው።

ጥያቄ፦ ክሪኬ ያነሳና ቀስ እያለ ይወርዳል። ምን ልሙላበት? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ጭነት ሳይኖርበት የማውረጃውን ብሎን ከፍተው አሥር ጊዜ ያህል ይርገጡት፤ የገባ አየር ይወጣል። ከዚያ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እያለ የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት እስከ ቀዳዳው ይሙሉ። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨምሩ፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። አሁንም ከወረደ የማውረጃው ቫልቭ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ አለ ወይም ጎሚኒው አልቋል፤ እስኪጠገን ድረስ አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ዘይትና ዕቃ ያጠብኩበት ቤንዚን ጉድጓድ ውስጥ እደፋለሁ። ችግር አለው? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አለው፤ ሁለቱንም ይተዉ። የተቃጠለ ዘይት ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅመው ዘይት ለሚሰበስብ ሰው ይስጡ። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ እሳት መጥራት ነው፤ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ፣ ከቤት ውጭ ይጠቡ። ዘይት የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከበሩ አጠገብ ይስቀሉ፤ እሳት የሚነሳው ውስጥ ስለሆነ ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ ያለውን መድረስ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ያዘጋጀሁት ጋራዥ ይጠቅመኛል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሚገባ። ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ የመሪና የእግር ሥራ እንዳለ ይቀጥላል። ብርቱካናማ ገመዶችንና የሚያያዙባቸውን ሳጥኖች ግን ሥልጠና የሌለው ሰው አይንካ፤ መኪናው ጠፍቶም ውስጣቸው ኮረንቲ ሊቆይ ይችላል። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ስለሆነ ክሪክ የሚገባው አምራቹ ምልክት ባደረገበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ 2 ቶንና ከዚያ በላይ ስለሚመዝኑ ለቪትዝ የገዙት ካቫሌቶ ይበቃ እንደሆነ ጽሑፉን ይዩ። ለቻርጅ ባለ 7 ኪሎ ዋት ዕቃ 32 አምፔር ይስባል፤ ቢያንስ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የራሱ መስመር ይኑረው። ቆጣሪዎ ያን ያህል መቻሉን ሳያረጋግጡ አያስገጥሙ፤ ከኮምፕሬሰሩ ጋርም በአንድ ብሬከር አይሁን።