የክፍሉን ድምፅ የሚይዘው ማይክ የት ይቁም?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ ድራም የምትቀዳበት ክፍል 6 በ4 ሜትር ነው። ለክፍሉ ድምፅ ብለህ አንድ ማይክ ከድራሙ 3 ሜትር አርቀህ፣ መሀል ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ አቁመሃል። ለብቻው ስትሰማው ሲምባሉ (የነሐስ ሳህኑ) ብቻ ይጮሃል። ከቅርቦቹ ማይኮች ጋር ስትቀላቅለው ደግሞ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ይሳሳል። እኔም እዚሁ ችግር ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ማይኩን ተወውና ጆሮህን አንቀሳቅስ። ድራመሩ አንድ ዓይነት ምት እየደጋገመ ይምታ። አንተ አንዱን ጆሮህን በጣትህ ድፈንና ክፍሉን ዙር። በሁለት ጆሮ ስንሰማ አእምሯችን የድምፁን አቅጣጫ ለይቶ የክፍሉን ማሚቶ ያሳንስልናል። አንዱ ሲደፈን ግን ክፍሉ ገኖ ይወጣል። አንድ ማይክ የሚሰማውም ለዚህ የቀረበ ነው። ቁም፣ ተንበርከክ፣ ወደ ጥግ ተጠጋ። ኪኩ ሞልቶ፣ ስኔሩም (ከሥሩ ሽቦ ያለው፣ በዱላ የሚመታው ከበሮ) ሳይጠፋ የሰማህበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርግበት። እኔ ይህን ሳላደርግ ስታንድ አላቆምም።

አሁን ወደ ኪኩ እንምጣ። ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ማይክህ 3 ሜትር ርቆ ስለቆመ ከቅርቡ ማይክ ወደ 9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። የ57 ሄርዝ ሞገድ ደግሞ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ግማሹ 3 ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚያ ድምፅ ላይ አንዱ ማይክ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። 57 ሄርዝ ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ የኪኩ ሆድ ያለበት ቦታ ነው። በሩቁ ማይክ ቻናል ላይ የፖላሪቲ ቁልፉን (ሞገዱን ላዩን ወደ ታች የሚገለብጠውን) ተጫንና ኪኩን ብቻ አዳምጥ። ከወፈረ እንደዚያው ተወው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ማይኩን ግማሽ ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ውሰድና እንደገና ሞክር።

ብዙ ሰው ሩቁን ትራክ ኮምፒውተር ላይ ጎትቶ ከቅርቡ ጋር ያስተካክለዋል። እኔ አልወደውም። ክፍሉ ትልቅ መስሎ እንዲሰማ የሚያደርገው ያ መዘግየት ነው። እሱን ካጠፋህ የክፍሉን ስፋት አብረህ ታጠፋለህ።

መሀል ክፍል ማቆሙም አልጠቀመህም። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚመላለሰው የመጀመሪያው (ዝቅተኛው) የቤዝ ድምፅ ግድግዳው አጠገብ ይገናል፣ እኩል መሀል ላይ ግን ይጠፋል። በ4 ሜትሩ ስፋት ይህ 43 ሄርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከመሀል ወደ አንዱ ጎን ሽሽ። ጥግ ውስጥ ከገባህ ደግሞ ቤዙ ሁሉ ይከመርብሃል። አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴ ያፍናል። እሱን ጆሮህ ይፍረደው።

ሲምባሉ የከፍታ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ሰፊ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ማይክ በሰው ቁመት አቁሜ ቀዳሁ። ድራመሩ ሲምባል ላይ ጠንካራ ነበር። በኋላ ኮምፕረሰር (በከፍተኛውና በዝቅተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠብ መሣሪያ) ስጭንበት ከሲምባል ጩኸት በቀር የቀረ ነገር የለም። የዚያን ቀን የክፍል ትራኮች በሙሉ ሳንጠቀምባቸው ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ማይኩን እስከ ጉልበት ድረስ አወርደዋለሁ። ኪኩና የስኔሩ አካል ይቀርባሉ፣ ሲምባሉም ይለዝባል።

ወለሉም በድምፁ ውስጥ እጁ አለበት። ማይኩ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከስኔሩ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ወለሉን ነክቶ የሚመጣው ድምፅ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት 245 ሄርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል። የስኔሩ ሥጋ የሚገኘው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ድምፁ ባዶ ይመስላል። ማይኩን ወለሉ ላይ ብታስተኛው ሁለቱ መንገዶች አንድ ላይ ይደርሳሉ፣ ጉድጓዱም ይጠፋል።

ርቀት ብቻውን ክፍል አይሰጥህም። ቀጥታው ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ነጸብራቁ ግን በክፍሉ ሁሉ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። በአንተ ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ የምትርቅበት ቦታ የለህም፤ ስለዚህ ማይኩን አዙረው። ካርዲዮይድ (ከፊት በደንብ የሚሰማ፣ ከኋላ እምብዛም የማይሰማ) ከሆነ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ ድራሙ አድርግ። በስምንት ቁጥር ቅርጽ የሚሰማ ማይክ ካለህ ደግሞ የማይሰማበትን ጎኑን ወደ ድራሙ አዙር። ቀጥታው ድምፅ ይሸሽና ክፍሉ ይቀርልሃል። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው፤ በተለይ ሪቦን ማይክ (ድምፁን በቀጭን የብረት ጥብጣብ የሚይዝ) ከሆነ፣ አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ስምንት ቅርጽ ናቸው፣ በቀጭኑ ድምፅ ላይም ለስላሳ ናቸው። ማይኩና ድራሙ መካከል ፍራሽ ማቆምም ይረዳል።

ስቴሪዮ ከፈለግህ ሁለት ኦምኒ (ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማ) ማይክ ወደ 2 ሜትር አራርቀህ አቁም። ከዚያ ሞኖ አድርገህ (ሁለቱን ወደ አንድ ቀላቅለህ) ኪኩ አለመጥፋቱን አረጋግጥ። ቦታ ከጠበበህ ኦአርቲኤፍ የሚባለው አቀማመጥ ጥሩ ነው፤ ሁለት ካርዲዮይድ፣ በ17 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በ110 ዲግሪ የተከፈቱ።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ክፍሉ አሁንም ካላማረ በሩን ክፈትና ማይኩን ኮሪደር ላይ ወይም ደረጃው ላይ አቁመው። እዚያ ያገኘሁትን ድምፅ ብዙ ጊዜ ዋናው ክፍል ውስጥ አላገኘሁትም። በመጀመሪያ ግን የፖላሪቲ ቁልፉን ሞክርና ኪኩ ላይ ምን እንደተለወጠ ንገረኝ።