«ቀልድ ነው» የተባለው ቪዲዮ፣ ሦስት ወሩና ያልተጻፈው እርቅ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ከደቡብ ወሎ የጻፉልኝ ጠያቂ ታናሽ እህታቸው የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ናት። በአንድ ውድድር ሁለተኛ ከወጣች በኋላ በአካባቢው ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት በቲክቶክና በፌስቡክ ገጹ ቪዲዮ ሠራባት። በቪዲዮው «የሴት ሩጫ ማየት ጊዜ ማባከን ነው» ይላል፤ የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ የተነሳችው ፎቶ ላይ ጺም ቀጥሎ «ይህችን ማን ያገባታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ለቡድኑ የተመረጠችው «በእግሯ ሳይሆን በአሠልጣኙ ቤት» እንደሆነ ይናገራል። ሲጠየቅ «ቀልድ ነው፤ ሐሳብን መግለጽ መብቴ ነው፤ አሜሪካ ቢሆን ማንም አይነካኝም» አለ። ጠያቂዬ ይቀጥላሉ፦ «እኛም በገጻችን ተገቢውን መልስ ሰጥተናል። አሁን ሽማግሌዎች ገብተው ቪዲዮውን ሊያጠፋ ተስማምቷል። ካጠፋው በኋላ መክሰስ እንችላለን? ካሳስ ምን ያህል እናገኛለን?»

ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ያጣሁት እህትዎን ነው። «ክብራችን ተነካ»፣ «ስማችን ጠፋ»፣ «ቤተሰባችን አንገቱን ደፋ» ብለዋል፤ እርሷ ምን እንዳለች፣ ክስ ትፈልግ እንደሆነ፣ እርቁን ተቀብላ እንደሆነ፣ ልምምዷን ቀጥላ እንደሆነ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉልኝም። ዕድሜዋንም አልነገሩኝም። ይህን የማነሳው እርስዎን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ስም ማጥፋትና ስድብ በሕጋችን የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች በመሆናቸው፣ የማመልከት መብቱ የተበዳይዋ ነው። 18 ዓመት ከሞላት፣ ታላቅ ወንድሟ ቢሆኑም፣ ያለ እርሷ ፈቃድ በስሟ ሊያመለክቱም ሊታረቁላትም አይችሉም፤ ካልሞላት ደግሞ የሚያመለክትላት ሕጋዊ ወኪሏ፣ አብዛኛውን ጊዜ አባቷ ወይም እናቷ ነው። ስለዚህ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት እህትዎን ይጥሯትና አብራችሁ አንብቡት።

ሌላው ያለፉት ነገር «ተገቢውን መልስ ሰጥተናል» በምትለው ሐረግ ውስጥ ተሸሽጓል። መልሱን አላኩልኝም። ይህችን ሐረግ ከብዙ ደንበኞች አፍ ሰምቻታለሁ፤ ከጀርባዋ ብዙ ጊዜ የማገኘው የተሳዳቢው እናት፣ ሚስት ወይም እህት ስሟ ተጠርቶ የተሰደበችበትን ጽሑፍ ነው። እርስዎም እንዲህ አድርገው ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእህትዎን ክብር ምንም ባልበደለችዎት በሌላ ሰው እህት ክብር ለማስመለስ ሞክረዋል። ያቺ ሴት እርስዎ ሊከሱበት ባሰቡት አንቀጽ እርስዎን ልትከስ ትችላለች፤ የወጣቱ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያወጣው ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ቅጂውን ካስቀመጡ በኋላ ጽሑፉን ከሕዝብ ዕይታ ያንሱት፤ ለጠበቃዎም ሳይደብቁ ያሳዩት። ችሎት ላይ ከሚሰማው ዛሬ ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል፤ በንዑስ አንቀጽ 6 ግን የወጣቶችን ደኅንነት እንዲሁም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል፣ ሰብአዊ ክብርን ለመንካት ታስቦ በአደባባይ የሚነገር ነገርም በሕግ እንደሚከለከል ይደነግጋል። አንቀጽ 24 ደግሞ ክብርና መልካም ስምን ራሱን የቻለ መብት አድርጎ ያስቀምጣል። የአሜሪካ ነገር ለእኛ ፍርድ ቤት አይጠቅምም። እዚያም ቢሆን በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዶን አይመስ የተባለው የሬዲዮ አቅራቢ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በሚያዋርድ ቃል ሲጠራ ወንጀል ሆኖ አልተያዘበትም፤ ሥራውን ግን አጥቷል። በፈረንሳይ ደግሞ አልጄሪያዊቷ ቦክሰኛ ኢማን ኸሊፍ ከ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላ በኢንተርኔት ለደረሰባት ስድብና ማሳደድ ለዐቃቤ ሕግ አመልክታለች። አገሩ ሁሉ የየራሱ ወሰን አለው፤ የእርስዎ ጉዳይ የሚታየው በእኛ ነው።

በቪዲዮው ውስጥ ያሉት ሦስት ንግግሮች በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። «የሴት ሩጫ ማየት ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው እኔንም ያስቆጣኛል፤ ነገር ግን ማንንም ለይቶ ያልጠራ አስተያየት በመሆኑ ለብቻው በስም ማጥፋት ለማስከሰስ አይበቃም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጾታን ከብሔር፣ ከሃይማኖት፣ ከዘርና ከአካል ጉዳት ጋር አብሮ ጠርቷል፤ ሆኖም ንግግሩ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ መሆን ስላለበት በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ዐቃቤ ሕግን ማሳመን ይከብዳል። «የመጨረሻውን ዙር አበላሸችው» የሚል ትችትማ ፈጽሞ ነጻ ነው፣ ነጻ ሆኖም እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ ነገ እርስዎም የምርጫውን አሠራር ለመተቸት ይኸው ነጻነት ያስፈልግዎታል።

ፎቶው በውድድር ሜዳ በሕዝብ ፊት የተነሳ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መታየቱ ብቻውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 እና 28 መሠረት ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጺም ቀጥሎ «ማን ያገባታል?» ማለቱ ግን ስለ ሩጫዋ የሚናገረው ነገር የለም፤ ሰውነቷን መሳለቂያ ያደርጋል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 615 እንደ ስድብና ማዋረድ ሊታይ ይችላል። ከሁሉም የከበደው ሦስተኛው ነው። ስለ አሠልጣኙ የተናገረው አንድ ድርጊት ተፈጽሟል የሚል ውንጀላ በመሆኑ የአንቀጽ 613ን የስም ማጥፋት ድንጋጌ ይጠራል፤ በኢንተርኔት ስለተሰራጨም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13(3) እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። አሠልጣኙም በዚህ ራሱ ተበዳይ ነው። ለእህትዎ ስልክ በተደጋጋሚ የሚላክ የሚያስጨንቅ ወይም የሚያስፈራራ መልእክት ካለ ደግሞ በዚያው አንቀጽ ከበድ ያለ ሌላ ድንጋጌ ስላለ ጠይቀው ይረዷት፤ እንዲህ ያለውን ለወንድሟ ያልነገረችው ልትሆን ትችላለች።

«ቀልድ ነው» የሚለው መከላከያ በወንጀሉ በኩል ክብደት ሊኖረው ይችላል፤ የማዋረድ ሐሳብ መኖሩ ይመረመራልና። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 እና 2045 ግን ሰውን የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳለቂያ አድርጎ ስሙን አደጋ ላይ መጣል ጥፋት ነው፤ የመጉዳት ሐሳብ መኖሩም የግድ አይደለም። ቀልድ ምን ይጎዳል ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውስ። በ1928 (እ.ኤ.አ.) በአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ሲደክሙ ጋዜጦች አጋንነው ስላወሩ፣ ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ከሴቶች የኦሎምፒክ ውድድር ወጥቶ ቆየ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችበት 10,000 ሜትርም ለሴቶች የተጨመረው ከዚያ 4 ዓመት ብቻ ቀድሞ በ1988 ነበር። የዓለም አትሌቲክስ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ወቅት የ161 አትሌቶችን የትዊተር ገጾች ሲያስጠና ከተገኙት 132 የስድብ መልእክቶች 115ቱ የተጻፉት በሴቶች ላይ ነበር።

ካሳን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 መሠረት ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው በገንዘብ የሚተመን ጉዳት ሲኖር ነው፦ የተቋረጠ የክለብ ውል፣ የቀረ ድጋፍ፣ የሕክምና ወጪ። ይህም በሰነድ ካልተረጋገጠ ዋጋ የለውም። ፍርድ ቤቱ ስሟን የሚያድስ ማስታወቂያ በተከሳሹ ወጪ እንዲወጣ ማዘዝም ይችላል፤ ለአንዲት አትሌት ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ሊጠቅማት ይችላል። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ይርጋ (ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) 2 ዓመት ነው።

አሁን ደንበኞቼ እየተመላለሱ የሚወድቁበትን ጉድጓድ ላሳይዎት፤ እርስዎም አፋፉ ላይ ቆመዋል። በወሎ ደም እንኳ በአበጋር (በባህላዊ አስታራቂ) ይደርቃል፤ ቄሱና ሼሁ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሚያስታርቁበት አገር ነው፤ እኔም በዚህ እኮራለሁ፣ ሽምግልናውን እንዲተዉም አልመክርም። ነገር ግን ነገሩ ሲሄድ ያየሁት እንዲህ ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ወጣቱ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ እዚያው ሰው ፊት ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ያጠፋል፤ ጉልበት ይሳማል፣ ይመረቃል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድም የተጻፈ ነገር የለም። ልጅቱ ብዙ ጊዜ እዚያ የለችም፤ ወይም ቡና ስታቀርብ ቆይታለች። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰው «እውነት ተናግሬ ይቅርታ በል ተባልኩ» የሚል አዲስ ቪዲዮ ይሠራል፤ የድሮው ቅጂም ከሌሎች ገጾች ላይ መዞሩን ይቀጥላል። ቤተሰቡ ተቆጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ መርማሪው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ «ቪዲዮው የታለ? መቼ ነው ያያችሁት?» ቪዲዮው በራሳቸው ጥያቄ ጠፍቷል። ጊዜውም አልፏል፤ የግል አቤቱታ የሚቀርበው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነውና። «ሽማግሌ ይዞት ነበር» የሚለው ምክንያት ይህን ጊዜ ያቆመዋል ብለው ተስፋ አያድርጉ።

ለዚህ ነው ደብዳቤዎ ውስጥ የቪዲዮውን ቀን ፈልጌ ሳጣው የደነገጥሁት። «ከጥቂት ጊዜ በፊት» ብለዋል። ጥቂት ጊዜ ስንት ቀን ነው? ሁለት ወር ከሆነ ቀሪዎ 30 ቀን ግድም ነው፤ ሦስት ወር ካለፈ በግል አቤቱታ የሚጀመረው የወንጀል መንገድ ሊዘጋብዎት ስለሚችል የፍትሐ ብሔሩን ከጠበቃ ጋር መመልከት ይኖርብዎታል። ዛሬውኑ ይቁጠሩ።

ቪዲዮው ገና ካልጠፋ እንዲያጠፋው አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሙሉውን ከነድምፁ ያስቀምጡ፤ የገጹን ስም፣ ሊንኩን፣ የተለጠፈበትን ቀንና ከሥሩ የተጻፉትን አስተያየቶች በስክሪንሾት ይያዙ። ስክሪንሾቱን አይቁረጡት፣ ቀለም አያክብቡበት፣ ጽሑፍ አይጨምሩበት፤ የነካካ እጅ ካለ ተከሳሹ «የተቀናበረ ነው» ይላል። የተያዘበትን ስልክ አይሽጡ፣ አያስጠግኑ። ከቤተሰቡ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ቪዲዮውን በገጹ ላይ እንዲያዩና ያዩበትን ቀን እንዲመዘግቡ ያድርጉ። ለቲክቶክና ለፌስቡክ «ይነሳልን» ብሎ ማመልከት ከዚህ በኋላ ይመጣል። «ተመልከቱ ምን እንዳለ» እያሉ ለዘመድ ወዳጅ ማስተላለፉን ግን ያቁሙ፤ ስድቡን ወደ አዲስ ጆሮ እያደረሱት ነው።

ከዚያም እህትዎ ራሷ፣ ቢቻል ከጠበቃ ጋር፣ አቤቱታዋን በጽሑፍ ለፖሊስ ታቅርብ፤ የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን ይዛ ትመለስ። ይህ እርቁን አያፈርስም። በግል አቤቱታ የተጀመረ ጉዳይ ተበዳይዋ ስትታረቅ የሚቋረጥበት መንገድ ስላለ ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ጊዜው ግን አያመልጣትም። ሽማግሌዎቹ ቅር ካላቸው ይህንኑ ያስረዷቸው፤ በትዕግሥት ሲነገራቸው የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

እርቁ ሲደረስም በወረቀት ይሁን። በውሉ ላይ የተናገረው ነገር ምን እንደነበረ በግልጽ ይጻፍ፤ ስለ አሠልጣኙ የተናገረው ሐሰት መሆኑን ቪዲዮውን ባወጣባቸው በእነዚያው ገጾች በራሱ ድምፅ እንዲያርም፣ እርማቱ ለስንት ቀን ሳይነሳ እንደሚቆይ፣ ቢደግመው ምን እንደሚከተል ይጠቀስ። በሺህ ሰው ፊት የተሰደበችን ልጅ በሰባት ሽማግሌ ፊት ብቻ ይቅርታ መጠየቅ ስድቡ በደረሰበት አይደርስም። የምትፈርመው እርሷ ናት። ይህን ረቂቅ ግን ያለ ጠበቃ አይፈርሙ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ የጸና ነው፤ «የካሳም የወንጀልም ጥያቄ የለኝም» የምትል አንዲት መስመር ሳታስተውሉት ከገባች መልሶ ማውጣቱ ከባድ ነው።

ይህ የጻፍሁት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ አጠቃላይ ምክር ነው፤ ቪዲዮውንም የእርስዎንም መልስ አላየሁም፤ ስለዚህ ሰነዱን በእጁ ይዞ የሚመረምር ጠበቃ ያስፈልጋችኋል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ካነሰ በአካባቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ስትሄዱ የቪዲዮውን ቅጂ፣ ቀኑን፣ የእህትዎን መታወቂያ፣ የክለብ ውሏን፣ እርስዎ የለጠፉትን መልስና ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበቃው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት እርስዎ አይመልሱላት።