አዋቂ ልጄን የሚንከባከቡት ሰዎች ቢበድሉትስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የምመልሳቸው ደብዳቤዎች የመጡት ለአካለ መጠን የደረሱ አካል ጉዳተኛ ልጆች ካሏቸው ወላጆች ነው። ልጃቸውን እንዲንከባከብ አደራ የተቀበለው ሰው ወይም ተቋም ይበድለዋል ብለው ይጠረጥራሉ፤ ነገር ግን ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸዋል። ዝርዝር ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ መልሶቼ የጠበቃን ምክር አይተኩም። ልጅዎ በዚህ ሰዓት አደጋ ላይ ነው ብለው ካመኑ ግን ንባቡን እዚህ ላይ ያቁሙና በቅድሚያ ከቦታው ያውጡት፤ ለፖሊስም ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወንድ ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) አለበት፤ መናገር አይችልም። ልጠይቀው ስሄድ ከብብቱ ዝቅ ብሎ በክንዱ የውስጥ በኩል በለዝ አየሁ። አንዷ ተንከባካቢ «ከአልጋ ወድቆ ነው» ስትለኝ ሌላው «ልብስ ስናለብሰው ታግሎ ነው» አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም ማመን አይጠበቅብዎትም፤ የሁለቱን ቃል ሳይለውጡ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መጻፍ ግን ይጠበቅብዎታል። ሰው ሲወድቅ ወይም ሲጋጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚበልዘው አጥንት ለቆዳ በሚቀርብበት ቦታ ነው፤ ግንባሩ፣ ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ ላይ። በክንድና በጭን የውስጥ ክፍል፣ በጆሮ፣ በአንገት ወይም በሆድ ላይ የሚታይ በለዝ ግን የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በተለይ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ክብ ምልክቶች ተደርድረው ከታዩ በኃይል የመጨበጥ ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ምልክት የግድ ድብደባን አያመለክትም። ሰው አነሳስ ያልሠለጠነ ሠራተኛ ልጅዎን ከወንበር ወደ አልጋ ሲያዛውር ክንዱን ጨምድዶ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡ መድኃኒቶችም ሰውነትን ቶሎ ያበልዛሉ። ምክንያቱ የሥልጠና ጉድለት ቢሆንም እንኳ ሊታረም የሚገባው ጥፋት ነው።

በዚያው ዕለት ፎቶግራፍ ያንሡ፤ አንዱን ከበለዙ ጎን ማስመሪያ አስቀምጠው ቀረብ ብለው፣ ሌላውን ደግሞ የማን አካል እንደሆነ በሚለይበት መጠን ራቅ ብለው። ከማንሣትዎ በፊት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ለልጅዎ ይንገሩት፤ መናገር የማይችል ሰው ሁሉ የማይሰማና የማይገባው አይደለም፤ ፊቱን ካዞረ ወይም ክንዱን ከሰበሰበ ደግሞ ትንሽ ይታገሡት። በለዝ እያደር ሊጎላ ስለሚችል በማግስቱም ይድገሙት። «ቀለሙን ሳየው የሦስት ቀን ነው» የሚል ቢያጋጥምዎ አይቀበሉት፤ ሐኪምም ቢሆን ቀለሙን ብቻ አይቶ የበለዝን ዕድሜ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ሐኪሙን የሚጠይቁት የበለዙን ቦታ፣ መጠንና ቅርጽ፣ የተሰጠውን ምክንያት፣ እንዲሁም ጉዳቱ ከምክንያቱ ጋር ይጣጣም እንደሆነ በካርዱ ላይ እንዲያሰፍር ነው። ከዚያም ተቋሙ የዕለቱን የአደጋ መዝገብና የፈረቃ ሰሌዳ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጅዎ በእርግጥ ከአልጋ ወድቆ ከሆነ መውደቁ በዚያው ቀን መመዝገብ ነበረበት፤ ካልተመዘገበ ደግሞ ወይ አልወደቀም፣ ወይም ወድቆ ሳለ ማንም ግድ አልሰጠውም። ሁለቱም በአቤቱታዎ ላይ የሚሰፍሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዳውን ሲንድረም ያለባት የ29 ዓመት ልጄ «ማታ የሚመጣውን ሰው አልፈልገውም» አለችኝ። ምን እንዳደረጋት ደጋግሜ ብጠይቃት አለቀሰች እንጂ ሌላ ነገር አልነገረችኝም። እንዴት ላናግራት?

መልስ፦ እባክዎ ከእንግዲህ ደጋግመው አይጠይቋት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ሲደጋገምባቸው የመጀመሪያው መልሳቸው ስሕተት የነበረ ይመስላቸውና ጠያቂውን ለማስደሰት ሲሉ ይለውጡታል፤ «መታሽ ወይ?» ሲባሉም «አዎ» ማለት ይቀላቸዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ደግሞ ተከራካሪው ወገን «እናቷ ያስጠናቻት ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። «ማታ ሲሆን ምን ይደረጋል? እስቲ ንገሪኝ» ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቋትና ዝም ብለው ያዳምጧት፤ ያለችውንም በራሷ ቃል ይጻፉት። ዝርዝሩን እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለማነጋገር ለሠለጠነ ፖሊስ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይተዉት።

ወሲባዊ ጥቃት ከጠረጠሩ ግን ጊዜ አይስጡት። ሳትታጠብና ልብሷ ሳይታጠብ፣ ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርገው፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ቀኑ ካለፈም ቢሆን ከመሄድ አይቅሩ፤ ሕክምናውም የሐኪሙ መዝገብም ያስፈልጓታል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሰውየው እሷ ባለችበት ፈረቃ እንዳይመደብ በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህ በእሱ ላይ መፍረድ አይደለም፤ ማንኛውም ደኅና ተቋም ሳይጠየቅ ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ጥያቄ፦ የተቋሙ ኃላፊ «ልጅዎ 31 ዓመቱ ነው፤ እርስዎ በፍርድ ቤት የተሾሙ ሞግዚት ስላልሆኑ ጉዳዩ አይመለከትዎትም» አሉኝ። ሞግዚትነት ልጠይቅ?

መልስ፦ ኃላፊው የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ልጅዎ አዋቂ ስለሆነ መዝገቡ የእሱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለማንም፣ ለወላጁም ቢሆን፣ አይሰጥም ማለት በመርህ ደረጃ ልክ ነው። «አይመለከትዎትም» ማለታቸው ግን ልክ አይደለም፤ በሰው ላይ በደል ሲፈጸም ያየ ወይም የጠረጠረ ሁሉ፣ ሞግዚትም ሆነ ጎረቤት፣ ለፖሊስና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥዎ በፊት ግን ልጅዎን ይጠይቁት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውና ከ2008 ጀምሮ የጸናው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች እንደማንኛውም ሰው ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ችሎታቸውን ለመጠቀም ድጋፍ ካስፈለጋቸውም መንግሥታት ድጋፉን እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አንቀጽ 16 ደግሞ አካል ጉዳተኞችን የሚያገለግሉ ተቋማት ሁሉ ነጻ በሆነ አካል ክትትል እንዲደረግባቸው ያዝዛል። ስለዚህ ልጅዎ በቃል፣ በምልክት ወይም በሥዕል ፈቃዱን መግለጽ ከቻለ፣ መዝገቡን እንዲያዩና በስብሰባ አብረውት እንዲቀመጡ የሚፈቅድ አጭር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ሞግዚትነት የልጅዎን የመወሰን ሥልጣን ከእጁ ሊያወጣ ስለሚችል ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የሚታሰብ ነው። ተቋሙ ድምፁን ነፍጎታል ብለን እየከሰስን እኛው መልሰን ልንነፍገው አይገባም።

ጥያቄ፦ ኦቲዝም ያለበት ልጄ «ይረበሻል» ተብሎ መድኃኒት ከተጀመረለት ወዲህ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ ለሐጩም ይዝረበረባል። መድኃኒቱን ላስቁመው?

መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ አያስቁሙት፤ እነዚህ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ነገር ግን መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም በዚህ ሳምንት ያግኙና መድኃኒቱ ለየትኛው ሕመም እንደታዘዘ፣ መቼ እንደሚገመገምና መቼ እንደሚቆም ይጠይቁት። ድንዛዜና ለሐጭ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። ሕመም ለማከም ሳይሆን ለሠራተኛው ሥራ ለማቅለል የሚሰጥ መድኃኒት ሰውን ከማሰር አይለይም። ልጅዎ ከመድኃኒቱ በፊት ለምን ይረበሽ እንደነበረ የመረመረ ሰው መኖሩንም ያጣሩ። ሕመሙን መናገር የማይችል ሰው በድንገት መጮህ ወይም ራሱን መምታት ሲጀምር በመጀመሪያ የሚታየው ጥርሱ፣ ጆሮው፣ ሆዱና ሽንቱ ነው። «ኦቲዝም ስላለበት ነው» የሚለውን መልስ እኔ በግሌ ያለ ምርመራ አልቀበለውም።

ጥያቄ፦ በክፍሏ ውስጥ ድብቅ ካሜራ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ ጠበቃ ሳያማክሩ አያድርጉት። በአንዳንድ አገሮች ወንጀል ነው፤ ልጅዎ ስትለብስና ስትታጠብ የሚቀርጽ ካሜራ ደግሞ የራሷን ክብር የሚነካ ስለሆነ ፈቃዷን መጠየቅ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ አቤቱታ ባቀርብ ልጄን እንዳያስወጡት፣ ወይም ቂሙን በእሱ ላይ እንዳይወጡ እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት የለውም አልልም። አቤቱታ የሚቀርበው በቃል ብቻ ሲሆን፣ ያውም ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ማድበስበስም መበቀልም ይቀላል። በጽሑፍ ሲሆንና ቅጂው ለተቆጣጣሪው አካል ሲደርስ ግን፣ ከዚያ በኋላ በልጅዎ ላይ የሚደርሰው ነገር ሁሉ በዚያ ደብዳቤ መነጽር ይታያል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ቀኑን፣ ያዩትን፣ የተነገረዎትንና እንዲደረግ የሚፈልጉትን ይያዝ፤ መልሱን እስከ መቼ እንደሚጠብቁም ይግለጹ። «ጨካኞች ናችሁ» የሚለውን ይተዉት፤ «ማክሰኞ በ9 ሰዓት ስደርስ ዳይፐሩ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀየረም ነበር» የሚለው ይበቃል። ልጅዎን ለመጠየቅ የሚሄዱበትን ሰዓትም ይለዋውጡ። ከመልካሞቹ ተንከባካቢዎች ጋር ደግሞ አይኳረፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በአንድ ደብዳቤ ብቻ አይርኩ። በእንግሊዝ ዊንተርቦርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ይደበደቡ ነበር። አንድ ከፍተኛ ነርስ ለኃላፊዎቹም ለተቆጣጣሪውም አሳውቆ የሚሰማው አላገኘም። ድብደባው እ.ኤ.አ. በ2011 በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው ሆስፒታሉ የተዘጋው፤ በቀጣዩ ዓመት 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው። ስለዚህ የተቋሙ ኃላፊ ዝም ካለዎት ወደ ተቆጣጣሪው፣ ተቆጣጣሪው ዝም ካለ ወደ እንባ ጠባቂ ወይም ወደ ሰብዓዊ መብት ተቋም ይሂዱ፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትንም ከጎንዎ ያሰልፉ። ወንጀል ከሆነ ግን ተራ መጠበቅ የለም፤ በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ልጄን ይመታው የነበረው ሠራተኛ ተባረረ። ልጄ ግን «የት ሄደ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ የናፈቀው ይመስላል። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ያ ሰው ይመታው እንደነበረ ሁሉ ያጎርሰውና ያጫውተው ይሆናል፤ ልጅዎ የሚናፍቀው ያንን ሊሆን ይችላል። «እንዴት ትናፍቀዋለህ!» ብለው አይቆጡት፤ «ስለመታህ ከእንግዲህ እዚህ አይሠራም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብለው እውነቱን በአጭሩ ይንገሩት፤ በጠየቀዎት ቁጥርም ያንኑ ይመልሱለት። ለተቋሙ ደግሞ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ሠራተኛው የተባረረበት ምክንያት ለፖሊስና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተገልጿል ወይ? ካልተገለጸ ሰውየው ነገ ሌላ ቦታ ሊቀጠር ስለሚችል፣ እርስዎ ራስዎ ያሳውቁ።