ከማያሚ በሚነሳ መርከብ ላይ ልጄ ወይን መጠጣት ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በሜሪላንድ ነው። በመጪው ሐምሌ ከባለቤቴ፣ 20 ዓመት ከሆነው ልጄና ከለንደን ከሚመጣው የ19 ዓመት የወንድሜ ልጅ ጋር በሮያል ካሪቢያን መርከብ ከማያሚ ተነስተን ወደ ባሃማስ ዋና ከተማ ናሶና ወደ ሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ለመሄድ ቲኬት ቆርጠናል። ልጄ በጉዞው መካከል 21 ዓመት ይሞላዋል፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ በአገሩ ሕግ መጠጣት ከተፈቀደለት ዓመት አልፎታል። ሁለቱም «መርከቡ ከአሜሪካ ውኃ ከወጣ የአሜሪካ ሕግ አይመለከተንም፤ ወላጅ ከፈቀደ ደግሞ የሚከለክለን የለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው? በእራት ሰዓት ከእኔ ጠርሙስ አንዳንድ ብርጭቆ ብቀዳላቸውስ? ሁለቱን ለብቻቸው በአንድ ካቢን ማሳደር ይቻላል?
እ. መ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሮያል ካሪቢያን ከሰሜን አሜሪካ ወደቦች በሚነሱ ጉዞዎቹ አልኮል የሚያቀርበው 21 ዓመት ለሞላው ተሳፋሪ ብቻ ስለሆነ፣ የወንድምዎ ልጅ በጉዞው በሙሉ፣ ልጅዎ ደግሞ እስከ ልደቱ ቀን ድረስ በመርከቡ ላይ መጠጣት አይፈቀድላቸውም። የእንግሊዝ ፓስፖርት መያዝም ሆነ የወላጅ ፈቃድ ይህን አይለውጠውም።

ልጆቹ ስለ ባሕር ሕግ ያሉት ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም። በ1982 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት የአንድን አገር የግዛት ውኃ እስከ 12 የባሕር ማይል የሚፈቅድ ሲሆን፣ አሜሪካም ስምምነቱን ባታጸድቅም ከ1988 ጀምሮ በዚሁ ልክ ትሠራለች። ከዚያ ወዲያ መርከቡ በዋናነት የሚተዳደረው በተመዘገበበት አገር ሕግ ነው። የዚህ ኩባንያ መርከቦች አብዛኞቹ በባሃማስ የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ ከመሳፈርዎ በፊት የመርከቡን የኋላ ክፍል ቢመለከቱ ከስሙ ሥር «ናሶ» የሚል ጽሑፍ ሳያገኙ አይቀርም፤ በባሃማስ ደግሞ የመጠጥ ዕድሜ 18 ነው። ይሁን እንጂ የባሃማስ ሕግ 18 ዓመት የሞላው እንዳይጠጣ አልከለከለም እንጂ ባለ መርከቡ የግድ እንዲሸጥለት አላዘዘም። ኩባንያው ከሕጉ ጠበቅ ያለ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ እርስዎም ቲኬቱን ሲቆርጡ ለዚህ ደንብ ተስማምተዋል። ደንቡ ከ21 ዓመት ጋር የተያያዘው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የ1984ቱ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዕድሜውን 21 የማያደርግ ክፍለ ግዛት ከመንገድ ሥራ በጀቱ እንዲቀነስበት ስለደነገገ አገሪቱ በሙሉ በዚህ ዕድሜ ትሠራለች፣ መርከቡም ሲነሳና ሲመለስ የሚያልፈው በዚያው ውኃ ነው። በአንድ ምሽት ውስጥ መርከቡ በደረሰበት ቦታ ልክ ዕድሜ እየቀያየሩ ማስተናገድ ደግሞ ለአስተናጋጅ የሚቻል ሥራ አይደለም።

ቁጥጥሩም በአስተናጋጁ ዓይን ግምት ላይ የተመሠረተ አይደለም። እያንዳንዱ ተሳፋሪ የካቢን ቁልፍም የመክፈያ መንገድም የሆነ ካርድ ይሰጠዋል፤ ባር ላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ስለማይቻል ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ካርዱ ይነበባል፣ የባለቤቱም ዕድሜ አብሮ ይታወቃል። ልጅዎ 21 ዓመት በሞላው ዕለት ፓስፖርቱን ይዞ ወደ እንግዳ መቀበያው ቢሄድና መዝገቡ እንዲስተካከልለት ቢጠይቅ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንደማንኛውም አዋቂ ይስተናገዳል።

ከጠርሙስዎ ስለ መቅዳቱ ያነሱትን ጉዳይ አደራ በቀላሉ እንዳያዩት። በቤታችን በበዓል ቀን ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ጠላ ቢቀምስ ማንም እንደ ነውር እንደማያየው አውቃለሁ፤ በአሜሪካም ወላጅ በገዛ ቤቱ ለልጁ ቢሰጥ የማይከለክሉ ክፍለ ግዛቶች አሉ። በኢትዮጵያ ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ስለሚከለክል፣ ነገሩ የፈረንጅ አገር ጥብቅነት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በመርከቡ ደንብ የሚጠየቀው የጠጣው ወጣት ብቻ ሳይሆን የሰጠው አዋቂም ጭምር ነው፤ የመጠጥ ፈቃድዎ ሊነሳ፣ ከበድ ሲልም በሚቀጥለው ወደብ ላይ እንድትወርዱ ሊደረግ ይችላል። የወንድምዎን ልጅ አደራ ተቀብለው የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ለአንድ ብርጭቆ ወይን ሲባል ቤተሰቡ ኮዙሜል ላይ ሻንጣውን ይዞ በራሱ ወጪ የአውሮፕላን ቲኬት ሲፈልግ ማየት አልሻም።

በናሶና በኮዙሜል ከመርከብ ሲወርዱ የሚሠራው የአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ በሁለቱም ቦታ ዕድሜው 18 በመሆኑ ልጆቹ በምሳ ሰዓት ቢራ ቢያዙ ሕግ አልጣሱም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በዚያ ሙቀት ጠጥቶ ባሕር ውስጥ መግባት ሕይወት ያሳጣል፣ መርከቡም ሰዓቱ ሲደርስ ዘግይቶ የቀረን ሰው አይጠብቅም። ይህን ከመውረዳቸው በፊት በግልጽ ይንገሯቸው። ከሱቅ የገዙት ጠርሙስ ካለ ደግሞ ወደ መርከቡ ሲመለሱ ተወስዶ ይቀመጣል፤ በጉዞው መጨረሻ የሚመለሰውም ዕድሜው ለደረሰ ሰው ብቻ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክም ቢሆን ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው አልኮል ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም።

ከሁሉ ይልቅ አስቸኳይ የሚሆንብዎ የካቢኑ ጉዳይ ነው። ከሰሜን አሜሪካ በሚነሱ የኩባንያው ጉዞዎች ከ21 ዓመት በታች የሆነ ተሳፋሪ 21 ዓመት የሞላው ሰው በሌለበት ካቢን መመደብ አይችልም፤ ከወላጆቻቸው ወይም ከአሳዳጊያቸው ካቢን አጠገብ ለሚያድሩ ልጆች ግን ደንቡ ይላላል። ለልጅዎ ይህ ይበቃዋል፤ የወንድምዎ ልጅ ግን ወላጆቹ አብረውት ስለማይጓዙ፣ በዚህ መንገድ መስተናገድ መቻሉን ደውለው ማረጋገጥ አለብዎ። ካልተቻለም እርስዎ ከአንደኛው፣ ባለቤትዎ ከሌላኛው ጋር ሆናችሁ በሁለት ጎን ለጎን ካቢኖች እንድትመዘገቡ ያድርጉ፤ ይህንንም ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ይጨርሱት። ልጆቹ በእራት ገበታ ወይን መጠጣታቸውን የግድ ከፈለጋችሁ ግን፣ ይኸው ኩባንያ ከአውሮፓ ወደቦች፣ ለምሳሌ ከባርሴሎና ወይም ከሳውዝሃምፕተን፣ በሚነሱ ጉዞዎቹ ዕድሜውን 18 ስለሚያደርገው፣ ለከርሞ ጉዞውን የወንድምዎ ልጅ ካለበት በኩል መጀመር ትችላላችሁ።