የፓምፕ ሞተር ማርሚታ ቢከፈት ጉልበት ይጨምራል ወይ? ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአዋሽ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጡበት ባለ 163 ሲሲ የቤንዚን ፓምፕ ጉልበቱ ስለቀነሰ፣ ጎረቤትዎ እንደመከረዎት ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን የጭስ ማውጫ ጣሳ) ቢበሱት ወይም ሆዱን አውጥተው ባዶ ቢያደርጉት ውሃው ይጨምር እንደሆነ ጠይቀዋል። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሞተሮችን ስጠግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ እርስዎ ያሰቡትንም በራሴ ፓምፕ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ሳላሳጥር እጽፍልዎታለሁ።

ማርሚታውን ፈትቼ የውስጥ ክፍልፋዮቹን በረጅም መሰርሰሪያ በስቼ መልሼ አሰርኩት። ከመብሳቴ በፊት ፓምፑ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ34 ሰከንድ ይሞላ ነበር፤ ከበሳሁት በኋላም በዚያው ቱቦና በዚያው ከፍታ ሦስት ጊዜ ብለካው ያው 34 ሰከንድ ሆነ። የተለወጠው ድምፁ ብቻ ነበር። ድምፅ ሲጎላ ጉልበት የተጨመረ ስለሚመስል፣ ምንም ዓይነት ማሻሻያ ቢያደርጉ ውጤቱን በበርሜልና በሰዓት እንጂ በጆሮ እንዳይመዝኑት አደራ እላለሁ። በውጤቱ ስላልረካሁ የአየር ፊልትሮውንም አውጥቼ አንድ ወቅት አጠጣሁበት፤ በወቅቱ መጨረሻ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የእሳት መስጫ) ነጥቶ፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ጠርዝ ተቃጥሎ፣ ሲሊንደሩም በገባው አቧራ ተፍቆ አገኘሁት።

ውሃው ያልጨመረበት ምክንያት እንዲህ ነው። የፓምፕ ሞተር እንደ ሞተር ሳይክል አሽከርካሪው እንደፈለገ የሚያስጮኸው አይደለም፤ በውስጡ ያለው የዙር መቆጣጠሪያ በደቂቃ ከ3,600 ዙር ገደማ ብዙ እንዳያልፍ አድርጎ ይይዘዋል። ጭሱ በቀለለ መንገድ ሲወጣ ሞተሩ ጥቂት ጉልበት ቢተርፈውም፣ መቆጣጠሪያው ዙሩን ለመጠበቅ የካርቡሬተሩን ቢራቢሮ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየርና ቤንዚን የሚከፍትና የሚዘጋውን ክዳን) በዚያው ልክ ይዘጋዋል፤ የፓምፑ ዙር ካልጨመረ ደግሞ ውሃው ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ ማርሚታውን ከመንካትዎ በፊት ፓምፑ ውሃ እየገፋ ሳለ ቢራቢሮውን የሚያንቀሳቅሰውን ክንድ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ክንዱ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተና ሞተሩ ዙሩን ከጠበቀ፣ ሞተርዎ ገና ያልተነካ ጉልበት አለው ማለት ነው፤ ችግሩን በመሳቢያ ቱቦው መጋጠሚያ አየር መሳብ፣ በታችኛው ወንፊት መደፈን ወይም በፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚገፋው መዘውር መበላት ላይ ይፈልጉት። ክንዱ እስከ ጫፉ ተከፍቶ ዙሩ ግን እየወረደ ከሆነ ነው ሞተሩ ደክሟል የሚባለው።

በዚህ ጊዜም ቢሆን መሰርሰሪያ አያንሱ። የብዙ ማርሚታዎች አፍ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የምትይዝ ትንሽ የሽቦ ወንፊት አለች። ከወንጂ በኩል የመጣልኝ አንድ ፓምፕ በርሜሉን የሚሞላው በ46 ሰከንድ ነበር፤ ወንፊቷን ሳወጣት ጥቀርሻ ዘግቷት በዳር በኩል ብቻ ክፍት ቀርታ አገኘኋት። በሽቦ ብሩሽ ካጸዳኋትና ሞተሩ በቀዘቀዘበት የቫልቮቹን ክፍተት ለማስገቢያው 0.15፣ ለማውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር አድርጌ ካስተካከልሁ በኋላ ወደ 35 ሰከንድ ወረደ። እነዚህ ቁጥሮች ለሆንዳ ጂኤክስ 160 የተሰጡ ስለሆኑ፣ የእርስዎ ሞተር ሌላ ከሆነ የራሱን መመሪያ ይመልከቱ።

ሌላው መታወቅ ያለበት የአገራችን ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ማንኛውም ፓምፕ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ከስድስተኛ እጅ በላይ የጎደለው ነው። ያጣው አየር ስለሳሳ ነውና ማርሚታ መክፈት አይመልሰውም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በአንጻሩ ስለሚበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ለዚህ መፍትሔው ለከፍታ የተሠራች አነስ ያለ ቀዳዳ ያላት ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን መጥና የምታሳልፍ ቁራጭ) መግጠም ነው። ጄቷን በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳዋን ስለሚያሰፋ ፈጽሞ አይደረግም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም መለወጥ ከፈለጉ፣ ያለውን ከመብሳት ይልቅ ሆዱ ሰፋ ያለ ማርሚታ ያሠሩ፤ የመግቢያ ቧንቧው ስፋት ከሞተሩ የጭስ መውጫ አይነስ፣ ወንፊቷም ትኑር፤ በደረቅ ገለባ መካከል ፍንጣሪ የሚያመጣውን መናገር አያስፈልገኝም። ብየዳው ማርሚታው ከሞተሩ ተፈትቶ፣ ከቤንዚን ርቆ ይሠራ፤ ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል ገብቶ ጭስ እንዳያፈስ የሚያደርግ ማሸጊያ) ይደረግበት፤ አፉም ወደ ነዳጅ ጋኑ አይዙር። ከዚያ ጥቂት ሰዓት በሙሉ ጭነት አሠርተው ካንዴላውን ይፍቱት። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚኑ አንሷልና ከፍ ያለች ጄት ሳይገጥሙ አያሠሩት።

ስለ ጭሱ ከተነሣ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በመቂ በኩል ውሃው ሲርቅ ፓምፑን ወደ ጉድጓድ አውርደው የሚያሠሩ አርሶ አደሮች አይቻለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይጥላል፤ የትኛውም ዓይነት ማርሚታ ከዚህ አያድንም። በማርሚታው ላይ ረጅም ቱቦ ቀጥሎ ጭሱን ወደ ላይ ማውጣትም መጋጠሚያው ስለሚያፈስ አስተማማኝ አይደለም፤ ሞተሩንም ያፍነዋል። እባክዎ ፓምፑን ከላይ፣ ነፋስ በሚገኝበት ያቁሙት፤ ውሃው ከስድስት ሜትር በላይ ከራቀም ሌላ ዓይነት ፓምፕ ይፈልጉ።

ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ምት የመርጫ ሞተርም ካለዎት፣ የእርሱን ማርሚታ በፍጹም አይንኩት። በእርሱ ላይ ከማርሚታው ተመልሶ የሚመጣው ግፊት ያልተቃጠለው ቤንዚን አብሮ እንዳይወጣ ስለሚያግዝ፣ ሲከፈት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይበላል።

አሁን የካንዴላውንና የወንፊቷን ፎቶ አንሥተው ከዚህ በታች ያስገቡልን፤ በጭነት ጊዜ ክንዱ እስከ ጫፉ መከፈት አለመከፈቱንም ይጻፉልን፤ ከዚያ ተነሥቼ ቀጣዩን እነግርዎታለሁ።