ስክሪን ለማሠራት ፓተርን አይሰጥም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። የስልክሽ ስክሪን ተሰንጥቆብሽ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወሰድሽው፤ ጠጋኙ ልጅ «የስልኩን መክፈቻ ፓተርን ጻፊልኝና ነገ ከሰዓት ውሰጂው» አለሽ። አንቺም ሳትሰጪው ወደ ቤት ተመለስሽ። «የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ግን ልቤ አልፈቀደም፤ እያካበድኩ ነው ወይ?» ነው ያልሽው። ከጥያቄሽ ሥር አብዛኛው ሰው «አቦ አታካብጂ፣ ስጪውና ተገላገይ» ብሎሻል። እኔ አትስጪው እላለሁ። 11 ዓመት እዚሁ ድሬ ሞባይል ስጠግን ነው የኖርኩት። ያየሁትን ልንገርሽ።

ጠጋኝ ፓተርን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። ስክሪን ቀይረህ ትሰጣለህ፤ ሰውዬው በሁለተኛው ቀን ተመልሶ «ካሜራው ይሠራ ነበር፣ አንተ ከፍተህ አበላሸኸው» ይልሃል። ቀድመህ ካልሞከርከው መልስ የለህም። ለዚህ ብለን መጠየቅ ጀመርን፣ ከዚያ ለመድነው። ባትሪ ብቻ ለሚቀየርለት ስልክ ሳይቀር ስንጠይቅ ኖረናል።

ለስክሪን ግን አያስፈልግም። ታቹ መሥራቱን ስልኩ እንደተቆለፈ ማየት ይቻላል፤ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሮቹን ከዳር እስከ ዳር መነካካት ነው። ካሜራውም በአብዛኛው ስልክ ላይ ሳይከፈት ይሠራል። ማይክና ድምፅ መሞከር ካለበት አንቺው ከፍተሽ፣ እዚያው ቆመሽ ደውይ። ፓተርኑ የግድ የሚሆነው ሶፍትዌሩ ሲያስቸግር ነው፤ ያኔም ባለቤቱ አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ «የምደብቀው የለኝም» ልምጣ። አንድ ቀን ሱቁን ለረዳቴ ትቼ ለምሳ ወጣሁ። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ይላል። ስመለስ ረዳቴና ሁለት ጓደኞቹ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረዋል። ብየዳ ላይ ያሉ መስሎኝ ነበር። መብራቱ ሥር ያለው ስልክ ጠዋት አንዲት እናት ቻርጅ መሰኪያው ተበላሽቶባት ያመጣችው ነው። ጋለሪው ተከፍቷል። የሂና ማታ ፎቶ ነው። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ለቀው፣ እጃቸው ላይ ያለው ሂና ሳይደርቅ፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይስቃሉ። ወንድ እንዳይገባ በር ተዘግቶ የተነሱት ፎቶ። ልጁ በአውራ ጣቱ ያሳልፋል፣ ይመለሳል፣ ያጎላል። ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት። «ምንም አላደረግንም፣ ዝም ብለን እያየን ነው» አለኝ።

አስር ሰዓት ላይ እናትየዋ መጣች። ቻርጅ መግባቱን አይታ ደስ አላት። ሒሳቡን ከፈለችኝ፤ ለልጁም «ለሻይ» ብላ 20 ብር ጨመረችለትና መረቀችው። እኔ ቆሜ አየሁ። አልነገርኳትም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ፎቶው ላይ የጎረቤት ልጆች ነበሩ፣ የሙሽራዋ ጓደኞች ነበሩ። ፓተርን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ እነሱ ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቄ ፓተርን መጠየቅ ቀረ።

እኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ነገር ነው። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፣ ሁሉም ቤተሰብ ነው። ፓተርን ስትከለክዪው ልጁን ሌባ ያልሽው ይመስልሻል። እሱ ግን ቅር ቢለው ለአንድ ቀን ነው። ሕጉም ካንቺ ጋር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምንለዋወጠውን ሁሉ ይጠብቃል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መውጣቱ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ፎቶሽን ማን እንዳየው ካላወቅሽ ማንን ትከሻለሽ?

ከፎቶው ሌላ በጣም የምፈራው ሲም ካርዱን ነው። አንድ የሳቢያን ሰፈር ደንበኛዬ ስልኩን ሌላ ቦታ ከነሲሙ ሁለት ሌሊት አሳደረው። አንዱ ሲሙን አውጥቶ የራሱ ስልክ ውስጥ ከተተው፣ የቴሌግራም መግቢያ ኮዱ በመልእክት መጣለት፣ በሰውዬው ቴሌግራም ገባ። ከዚያ ጅቡቲ ላለው ወንድሙ «ቸግሮኛል፣ ቶሎ ላክልኝ» ብሎ ጻፈለት። ወንድምየው ምን ይጠርጥር? ላከ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፓተርኑን የነካው የለም። የባንክ መልእክትሽም፣ የቴሌብርሽም ቁጥር ያው ሲም ነው።

ስለዚህ ታቹ ገና የሚሠራልሽ ከሆነ ዛሬ ማታ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሪ። ኮዱ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያንቺን የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። እዚያው ዲቫይስስ የሚለውን ተመልከቺ፤ የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው። የቴሌብርና የባንክ ፒንሽ ከልደትሽ የተወሰደ ከሆነ ቀይሪው፤ እባክሽ ይህን አትናቂው። ሚሞሪ ካርድም ካለው አውጪው፤ ብዙ ጊዜ ስልኩ ቢቆለፍም ካርዱ ሌላ ስልክ ላይ ይነበባል። ፎቶ አጥፍቼ እሰጠዋለሁ ብለሽ አታስቢ፤ በሳምሰንግ ጋለሪ የጠፋው ቅርጫቱ ውስጥ እስከ 30 ቀን ይቆያል።

ስልክሽ አዲስ ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ ሜንቴናንስ ሞድ የሚባል አለው። ባትሪና ዲቫይስ ኬር ውስጥ ታገኚዋለሽ። እሱን ስታበሪው ጠጋኙ ስልኩን ከፍቶ ሁሉንም ይሞክራል፤ ፎቶሽን፣ መልእክትሽን፣ ያወረድሽውን አፕ ግን አያይም። ሞዱ የሚዘጋው ባንቺ ቁልፍ ነው። ብዙ ጠጋኝ ራሱ አያውቀውም፤ አሳይው።

ከሁሉም የምመክርሽ ግን ስልኩን ትተሽው እንዳትሄጂ ነው። በጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ሂጂ። ስክሪኑ እጁ ላይ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከመከፈቱ በፊት ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ቻርጁን አብራችሁ ሞክሩ፤ ሲጨርስም እንደገና። እሱም ከጭቅጭቅ ይድናል። «ሰው ይዞብኛል፣ ነገ ነው የማደርስልሽ» ካለሽ ነገ ተመለሺ። ሲሙን ደግሞ ሱቅ ሳትደርሺ፣ ቤትሽ ሆነሽ አውጪው። መርፌው ከጠፋብሽ የጆሮ ጌጥሽ ጫፍ ይከፍተዋል።