ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አጋሮ ነው የምኖረው፤ ቡና እሰበስባለሁ። ክረምት ላይ የጌራ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን መኪና መከራየት አሰለቸኝ። ጅማ ያለ ደላላ በፈረንጅ 1999 ሞዴል የሆነ ፕራዶ አሳይቶኛል። ናፍጣ ነው፣ ባለ ቱርቦ፣ ማኑዋል፤ ሞተሩ ዋን ኬዜድ። “የድርጅት መኪና ነበር፣ ሞተሩ አልተነካም፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው” ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ “ዋን ኬዜድ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ዋን ኤችዜድ ፈልግ” ይሉኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ አልዋሹህም፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩህ። ዋን ኤችዜድ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብሎኩም (ሲሊንደሮቹ ያሉበት ዋናው አካል) ብረት ነው። ብዙ ይችላል። ዋጋውን ግን አንተም ታውቀዋለህ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ናፍጣ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚደራደረው።

ዋን ኬዜድ 3.0 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሞተሩ አንድ ቀን ውሃ አጥቶ ከፈላ በኋላ ነው። ስለዚህ የአንተ ጥያቄ “ይህ መኪና ፈልቶ ያውቃል ወይ?” መሆን አለበት። ሻጩ አይነግርህም። ሞተሩ ግን ይነግርሃል፣ ቀዝቅዞ ካገኘኸው።

ለደላላው “ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ፣ እንዳታስነሱት” በለው። ስትደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳብሰው። ሞቆ ከጠበቀህ ቁርስህን ብላና በሌላ ቀን ተመለስ። ሞተሩ ታጥቦ አብረቅርቆ ከጠበቀህም ተጠራጠር። እኔ የታጠበ ሞተር አልወድም፤ ዘይቱ ከየት እንደሚያፈስ አይታይበትም።

ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጥክ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። በሞቀ ሞተር ላይ ይህን እንዳትሞክር፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። ውሃው ዝገት ይዞ እንደ ሻይ ከቀላ ለዓመታት ተራ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ እዚያው ተሰናበት። ንጹሕ ከሆነ ክዳኑን ሳትመልስ ሰው ያስነሳልህ፣ አንተ ዓይንህን ከውሃው አትንቀል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት አረፋ ቢወጣ ችግር የለውም፤ ውስጡ የቆየ አየር ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ አረፋው እየተከታተለ ከመጣ ግን የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው መንገድ አግኝቷል። ወይ በቴስታታውና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሄዷል፣ ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል።

ክዳኑን ራሱንም ገልብጠህ እየው። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግፊት አይዝም። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ተራ ውሃ ክፍት ድስት ላይ ወደ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። በዚህች ትንሽ ላስቲክ ምክንያት የግቤን አቀበት መውጣት አቅቶት የቆመ መኪና ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን የዘይት መሙያውን ክዳን አላቀህ ላዩ ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው። ሞተሩ እየሠራ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደል። ክዳኑን እየወረወረ ጭስ ከተፋ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) የሚወጣውንም ጭስ ተመልከት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ከሆነ የአየር ፊልትሮ ወይም ኢንጀክተር ነው፤ ይህ ያስማማል። ሞቆም የማይተው፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ኩላንት ስለሆነ አትደራደርበት።

ከዚያ ወደ ጅሬን ውጣ፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ጥሩ ዳገት ነው። የሙቀቱ መርፌ መሀል ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ወጥቶ እዚያው ረግቶ መቆየት አለበት። ከዚያ አልፎ ወደ ላይ ከሄደ ተመለስ። ዳገቱን ጨርሰህም ከታች ጫፍ ካልተነሳ ግን አትደሰት። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥተውት ይሆናል። እኛ አገር መኪና ሲፈላ መጀመሪያ የሚደረገው እሱ ነው፤ አውጥቶ መጣል። ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በሽታውም ይደበቃል። “ለምን ወጣ?” ብለህ ጠይቅና የሻጩን ፊት እየው።

ስትመለስ ጭቃ ያለበት ቦታ ፈልገህ ፎር ዊሉን አስገባ፣ ሃይም (ፈጣኑን) ሎም (ዘገምተኛውን)። ለዓመታት ካልተነካ ማርሹ ደርቆ እምቢ ይላል። ከሥር ገብተህ ሻንሲውን በጠመንጃ መፍቻ እጀታ አንኳኳ፤ የበሰበሰ ብረት ድምፁ ይለያል። ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለውን የዲፈረንሻሉን ዘይት በጣትህ ነክተህ እየው። የወተት መልክ ካለው ውሃ ገብቶበታል። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። አንተም ከገዛኸው በኋላ ጥልቅ ውሃ ባቋረጥክ ቁጥር ይህን አስታውስ።

ወረቀቱ አጭር ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። “የድርጅት ነበር” ካለህ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑንና ቀረጡ መከፈሉን አጣራ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ። “ሌላ ገዢ እየመጣ ነው” የሚለውን ተወው፤ ሌላ ገዢ ሁልጊዜ እየመጣ ነው።

ከገዛኸው ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋውን መጀመሪያ ቀይር። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውሰው መብራት አለ፣ ግን ማንም ሊያጠፋው ስለሚችል አትመነው። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ራዲያተሩ ውስጥ ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውሃ አይግባ። የነዳጅ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን የሚሸጠውን ናፍጣ ከገዛህ የነዳጅ ፊልትሮውን ሥር ፈትተህ ውሃውን አፍስስ።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። በፈረንጅ 2007 ሞዴል ፕራዶዬ፣ ዲ ፎር ዲ፣ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ይንኳኳል። ኢንጀክተር ይታጠብ አሉኝ። ይበቃል?

መልስ፦ እትዬ፣ አይበቃም። ሞተርዎ ዋን ኬዲ ነው። የኢንጀክተሮቹን መቀመጫ ማሸጊያዎችም ያስዩ። እነሱ ሲያፈሱ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ጥላሸት ይሠራል፣ ጥላሸቱም ከሥር ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ያኔ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ ማሸጊያዎቹ አዲስ ይግቡ፤ መካኒኩ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ፈትቶ ወንፊቱን ለራስዎ ያሳይዎት። “አየሁት፣ ደህና ነው” ቢልዎት አይቀበሉ፤ እርስዎም ይዩት። ዘይትም በጊዜው ይቀየር።

ጥያቄ፦ በላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ከቦንጋ ስመጣ ጭቃው ላይ ፎር ዊል አስገባሁ። አስፋልት ስደርስ አልወጣም አለኝ፣ መሪውም ከበደኝ። ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። የአንተ ፎር ዊል ለደረቅ አስፋልት አልተሠራም። ስትዞር የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል አይሄዱም፤ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችሉ ጊርና ዘንጉ ይወጠራል። መሪህን ቀጥ አድርገህ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂድና ማርሹን ሳብ፣ ይለቅልሃል። ከዚያ ወርደህ በፊት ጎማዎቹ መሀል ያለውን መቆለፊያ ከሎክ ወደ ፍሪ መልስ። በሚቀጥለው ጊዜ ጭቃው እንዳለቀ፣ አስፋልቱን ሳትረግጥ አውጣው።